የመሬት መንቀጥቀጥን በቅርብ መከታተል፦ ጊዜያዊ የመመዝገቢያ ጣቢያዎችና የመረጃ ልውውጥ ለእርዳታ ሥራ ያላቸው ጥቅም

በኢትዮጵያ ስለ ተፈጥሮ አደጋ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው የዝናብ መጥፋት፣ የሰብል መክሰምና የከብት እልቂት ነው። ድርቅ ቀስ በቀስ የሚመጣ አደጋ በመሆኑ ምልክቱ ከታየበት ቀን አንሥቶ ረሀቡ እስኪጠና ድረስ ጥቂት ወራት ይገኛሉ፤ የእርዳታ አሰጣጡም ሥርዓት የተዘረጋው በእነዚሁ ወራት ላይ ተመሥርቶ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ግን እንዲህ ያለ ፋታ አይሰጥም። ሆኖም የመጀመሪያው ነውጥ ካለፈ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ከድርቁ ጥያቄ ብዙም የራቀ አይደለም። ከቀዬው የወጣው ሕዝብ የት ይስፈር? ለምን ያህል ጊዜ ይቀለብ? መቼስ ወደ ነበረበት ይመለስ? ለእነዚህ ጥያቄዎች ከግምት የተሻለ መልስ ለመስጠት የሚያስችለው ዋናው መንገድ በነውጡ አካባቢ የመመዝገቢያ መሣሪያዎችን በፍጥነት ተክሎ የሚገኘውን መረጃ ለሚመለከታቸው ሁሉ በጊዜው ማድረስ ነው።

ጉዳዩ በሩቅ የሚታይ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. መስከረም ወር በፈንታሌ ተራራ አካባቢ የጀመረው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ ከታኅሣሥ ወር ወዲህ እየበረታ ሄዶ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ታኅሣሥ 26 ቀን የደረሰው ነውጥ መጠኑ 5.7 ያህል፣ የካቲት 7 ቀን የደረሰው ደግሞ 6 ገደማ ነበር። በዶፈን አካባቢ ከመሬት ስንጥቅ እንፋሎትና ጭቃ ወጣ። በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች ለአደጋው በእጅጉ በተጋለጡ ቀበሌዎች ከ80 ሺህ በላይ ሕዝብ እንደሚኖር መንግሥት አስታውቆ ነዋሪዎቹን ወደ ሌላ ቦታ የማዛወሩ ሥራ ተጀመረ። የከሰም ግድብና የስኳር ፋብሪካው የሚገኙትም በዚሁ አካባቢ ነው። አደጋው ያንዣበበበት አገር የአርብቶ አደር ግጦሽ፣ የመስኖ እርሻና ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚያመራው ዋና መንገድ የሚገናኙበት ሥፍራ በመሆኑ ሕዝቡን አንሥቶ ማቆየት ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ወደ ቀዬው መመለሱም እንዲሁ።

ከሩቅ የሚታየውና የማይታየው

በየትኛውም የዓለም ክፍል የሚደርስ መጠነኛ የመሬት መንቀጥቀጥ በደቂቃዎች ውስጥ በዓለም አቀፍ ተቋማት ይታወቃል። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤትና በጀርመን አገር በፖትስዳም የሚገኘው የጂኦሳይንስ የምርምር ማዕከል ቦታውንና መጠኑን ለማንም ክፍት በሆነ ዝርዝር ያወጣሉ። ይህ ትልቅ አገልግሎት ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ተቋማት የሚጠቀሙባቸው ጣቢያዎች ብዙውን ጊዜ ከነውጡ ሥፍራ በመቶዎችና በሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር የራቁ ስለሆኑ፣ ጣቢያ በጠፋበት አገር ከ4 ወይም ከ4.5 በታች የሆኑትን ነውጦች አብዛኛውን ጊዜ አይመዘግቡም። የተመዘገበውም ቢሆን ቦታው በብዙ ኪሎ ሜትር ሊዛነፍ ይችላል።

ትንንሾቹ ነውጦች ጉዳት የማያደርሱ ሆነው ሳለ ለምን ይፈለጋሉ? የነውጥ መጠን በአንድ ቁጥር ዝቅ ባለ ቁጥር የነውጦቹ ብዛት አሥር እጥፍ ያህል እንደሚጨምር ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው። ስለዚህ መጠን 4.5 የሆነ አንድ ነውጥ በተመዘገበበት አካባቢ መጠናቸው እስከ 1.5 የሚወርድ አንድ ሺህ ያህል ነውጦች ይኖራሉ ማለት ነው። አንድ ነጥብ በካርታ ላይ ምንም አይናገርም፤ አንድ ሺህ ነጥብ ግን መስመር ይሠራል። መስመሩም የተሰነጠቀው አለት በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ወዴት እየረዘመ እንደሆነ፣ ወደ መንደር ወይም ወደ ግድብ እየቀረበ ወይም እየራቀ መሆኑን ያሳያል።

የቦታው አወሳሰን ስሌት ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። ከነውጡ ሁለት ዓይነት ሞገዶች ይነሣሉ። ፈጣኑ በአለት ውስጥ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ዘገምተኛው ደግሞ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በሁለቱ መድረሻ መካከል ያለው እያንዳንዱ ሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀትን ያመለክታል፤ በሦስትና በአራት ጣቢያዎች የተለካ ርቀት ሲጋጠም ሥፍራው ይታወቃል። አስቸጋሪው ጥልቀቱ ነው። በ8 ኪሎ ሜትርና በ12 ኪሎ ሜትር ጥልቀት የተነሡ ሁለት ነውጦች 300 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ጣቢያ ሲለኩ፣ በቀጥታ በሚጓዙት ሞገዶች መድረሻ ላይ የሚታየው ልዩነት ከሰከንድ መቶኛ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ይህም በተግባር የለም ሊባል ይችላል። በ5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በሚገኝ ጣቢያ ግን ልዩነቱ ከግማሽ ሰከንድ ይበልጣል። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ጥልቀቱን ማወቅ ግድ ነው፤ ነውጦቹ ወደ ላይ እየወጡ ከሄዱ ቅልጥ አለት ወደ ገጸ ምድር እየቀረበ ሊሆን ይችላልና። ለዚህ ነው ከሩቅ የሚገኝ መረጃ ምንም ያህል ቢጣራ በነውጡ አናት ላይ የተተከለውን መሣሪያ የማይተካው።

የዳባሁ ልምድ

በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ለዓለም ጭምር የሚጠቀስ ልምድ አላት። በ1998 ዓ.ም. ከመስከረም 4 ቀን ጀምሮ በአፋር በዳባሁና በማንዳ ሐራሮ መካከል በሚገኘው የስምጥ ክፍል ከ3 ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ መጠናቸው ከ3.9 በላይ የሆኑ 163 ነውጦች ተመዘገቡ። መስከረም 16 ቀን ዳዑሬ በተባለው ሥፍራ 500 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ ተከፍቶ አመድ ወጣ። የአካባቢው አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን እየነዱ ሸሹ። በኋላ ከሳተላይት ራዳር በተገኘው መረጃ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር መሬቱ እስከ 8 ሜትር ድረስ መከፈቱ፣ 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር የሚሆን ቅልጥ አለትም በስንጥቁ ውስጥ መግባቱ ታወቀ።

በወቅቱ በአካባቢው ቋሚ ጣቢያ ስላልነበረ የመስከረሙ ነውጥ በቅርብ ሳይመዘገብ አለፈ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የውጭ ባልደረቦቻቸው በጥቅምት ወር ጊዜያዊ ጣቢያዎችን በሥፍራው ተከሉ። ከዚያ ወዲህ የተገኘው መዝገብ ከመጀመሪያው የተለየ ነበር። ከሩቅ ፈጽሞ ያልታዩ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ነውጦች በስንጥቁ ዙሪያ ተሰልፈው ታዩ፤ ጥልቀታቸውም በአብዛኛው ከ10 ኪሎ ሜትር ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት የተገኘው ግን ከዚያ በኋላ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሰኔ ወር አዲስ ቅልጥ አለት በስምጡ መካከል ተነሥቶ በሰዓቶች ውስጥ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሲገሠግሥ የነውጦቹ ሥፍራ አብሮ ሲጓዝ በጣቢያዎቹ ተመዘገበ። እንዲህ ያለው ክሥተት እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ ከአሥር ጊዜ በላይ ተደጋግሟል። መጀመሪያ በተሰማው ድምፅ ብቻ አደጋው አለፈ ብሎ መሣሪያውን ነቅሎ መሄድ ምን ያህል ስሕተት ይሆን እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መገንዘብ ያሻል። ተራ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ አንድ ዋና ነውጥ ይኖረውና ተከታዮቹ በቀናት ቁጥር እየሳሱ ይሄዳሉ። ይህን ሥርዓት የጃፓኑ ሊቅ ፉሳኪቺ ኦሞሪ እ.ኤ.አ. በ1894 ዓ.ም. ደርሶበታል፤ በአሥረኛው ቀን የሚደርሱት ነውጦች ከመጀመሪያው ቀን አንድ አሥረኛ ያህል ይሆናሉ ማለት ነው። በቅልጥ አለት የሚነሣው መንቀጥቀጥ ግን ይህን ሥርዓት አይከተልም። ሲያንስ ቆይቶ ይበረታል፣ ጸጥ ብሎ ሰንብቶ ይመለሳል። የትኛው ዓይነት እንደ ሆነ ሳይለይ «ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሱ» የሚል ትእዛዝ መስጠት ሕዝቡን ለሁለተኛ ስደት ማዘጋጀት ሊሆን ይችላል። የፈንታሌና የዶፈን መንቀጥቀጥ ለአምስት ወራት ያህል እየጋመና እየበረደ መዝለቁ፣ ትልቁም ነውጥ የደረሰው መጨረሻው አካባቢ መሆኑ ለዚህ በቂ ምስክር ነው።

መሣሪያው፣ ጉድጓዱና ዘበኛው

አንድ ጊዜያዊ ጣቢያ ሲታይ ያን ያህል ግዙፍ ነገር አይደለም። የምድርን እንቅስቃሴ በሦስት አቅጣጫ የሚለካ መሣሪያ፣ የሚመዘግብ ሣጥን፣ ሰዓቱን ከሳተላይት የሚያስተካክል አንቴና፣ የመኪና ዓይነት ባትሪና ባትሪውን የሚሞላ ሶላር ይኖረዋል። ሁሉም በአንድ ፒክ አፕ መኪና ይጫናል። በደንብ የሠለጠኑ ሦስት ወይም አራት ሰዎች በግማሽ ቀን ሊተክሉት ይችላሉ።

አስቸጋሪው ሌላ ነው። ጉድጓዱ እስከ ጽኑ አለት ድረስ ካልተቆፈረ መሣሪያው ከምድር ይልቅ የነፋሱን፣ የመኪናውንና የከብቱን ኮቴ ይመዘግባል። በአፋር ሙቀት ያልተሸፈነ ባትሪ ብዙ አይቆይም። በዝናብ ወቅት ጎርፍ የገባበት ጉድጓድ የወራት ድካም ያበላሻል። ሰዓቱ በአንድ ሰከንድ ቢዛባ የነውጡ ሥፍራ በ6 ኪሎ ሜትር ሊሳሳት ይችላል፤ መሣሪያው የሚያመለክተው ሰሜን ትክክለኛው ሰሜን ካልሆነ ደግሞ የነውጡ ባሕርይ ተዛብቶ ይተረጎማል። ከዚህ ሁሉ በላይ ጣቢያው የሚጠበቀው በሕዝቡ ነው። የጎሣው ሽማግሌዎች ሳይማከሩ፣ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ በቋንቋቸው ሳይነገራቸው በሌሊት የሚተከል ሣጥን ጥርጣሬን ይጋብዛል፤ ሶላሩም በሳምንት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። የአካባቢው ሰው ዘበኛ ሆኖ ሲቀጠርና ጣቢያው በትምህርት ቤት ወይም በጤና ጣቢያ ቅጥር ሲተከል ግን ዕድሜው ይረዝማል። ይህን የእርዳታ ሠራተኛ ከምሁሩ ይበልጥ ያውቀዋል።

ፍጥነቱን የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ የመሣሪያው እጥረት ሳይሆን የወረቀቱ ሥራ ነው። በኔፓል እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 2015 ዓ.ም. መጠኑ 7.8 የሆነ ነውጥ ደርሶ ወደ 9 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ካለቀ በኋላ፣ ከ40 በላይ ጊዜያዊ ጣቢያዎችን ያቀፈው ትልቅ መረብ መተከል የጀመረው በሰባተኛው ሳምንት ገደማ ነበር። መጠኑ 7.3 የሆነው ተከታይ ነውጥ ግን ግንቦት 12 ቀን ደርሶ አልፏል። መረቡ ከዚያ በኋላ ለ11 ወራት ያህል ብዙ ጠቃሚ ነገር መዝግቧል። ቢሆንም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መዝገብ ተመልሶ አይገኝም። መሣሪያው በመጋዘን ተዘጋጅቶ፣ የጉምሩክ ፈቃዱ አስቀድሞ ታስቦበት፣ የሚሄዱትም ሰዎች ተለይተው ቢጠብቁ ይህ ክፍተት በእጅጉ ይጠባል። ለድርቅ የመጠባበቂያ እህል የሚከማች ከሆነ ለመሬት መንቀጥቀጥም ስምንት ወይም አሥር መሣሪያ በመጠባበቂያነት ማስቀመጥ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

መረጃው የማን ነው?

መሣሪያው ተተክሎ መረጃው በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቢቆለፍ ለተፈናቃዩ የሚሰጠው ጥቅም በተዘጋ ጎተራ ውስጥ ካለ እህል አይበልጥም። አንድ ጣቢያ በሰከንድ 100 ጊዜ በሦስት አቅጣጫ ሲለካ በቀን ወደ 26 ሚሊዮን የሚጠጋ ቁጥር ያወጣል። ይህን ሁሉ አንድ ተቋም ብቻውን በፍጥነት ሊመረምረው አይችልም።

የርእደ መሬት ሳይንስ መረጃን በጋራ የመጠቀም ልማዱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በልዩ ልዩ አገሮች የተተከሉት ከ100 በላይ ተመሳሳይ ጣቢያዎች መዝገባቸው በፊልም እየተነሣ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጥ ነበር። ምክንያቱ የኒውክሊየር ፍንዳታን መቆጣጠር ቢሆንም ሳይንሱ ከዚያ አተረፈ። ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል አባ ፒየር ጉዋን የመሠረቱት የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪም ከእነዚሁ ጣቢያዎች አንዱን ይዞ ነበር። እኒሁ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. ያሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ እስከ ዛሬ ድረስ ይጠቀሳል። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው የካራ ቆሬ ነውጥም ሆነ በ1961 ዓ.ም. መጋቢት ወር ሰርዶን አውድሞ 40 ያህል ሰዎችን የገደለው ነውጥ በዚህ መጽሐፍ ተመዝግበው ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ኅብረት ተቋቁሞ የጋራ የመረጃ ማዕከል ካቋቋመ፣ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ የዲጂታል ጣቢያዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ከተመሠረተ ወዲህ መረጃው በአንድ ዓይነት ቅርጽ እየተዘጋጀ በነፃ ይሰራጫል።

ለጊዜያዊ ጣቢያዎች ግን ልማዱ ትንሽ ይለያል። መሣሪያውን የተከለው ተመራማሪ ጥናቱን እስኪያሳትም ድረስ መረጃው እስከ ሁለት ዓመት ሊያዝለት ይችላል። በረሃ ወርዶ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ቢሮ በተቀመጠ ሌላ ሰው እንዳይቀደም መፈለጉ ተገቢ ነው። በተለይ የአገሩ ወጣት ተመራማሪ ዘመናዊ ኮምፒዩተርና ብዙ ረዳት ካለው የውጭ ባለሙያ ጋር በእኩል ሊሽቀዳደም አይችልም። ሆኖም ሕዝብ በመጠለያ በሚገኝበት ጊዜ ሁለት ዓመት መጠበቅ ትርጉም የለውም። መፍትሔው ሁለቱን መለየት ነው፦ ዝርዝሩ የሞገድ መዝገብ ለተወሰነ ጊዜ ቢያዝም እንኳ፣ የነውጦቹ ቦታ፣ ጥልቀት፣ መጠንና ሰዓት በየዕለቱ ለእርዳታ ሰጪው አካልና ለክልሉ አስተዳደር መድረስ አለበት። የመጀመሪያው ቅጂም በአዲስ አበባ ሊቀር ይገባል። መረጃው ሲላክ የጣቢያው ትክክለኛ ሥፍራ፣ የመሣሪያው ዓይነትና አቅጣጫ አብሮ መላክ ይኖርበታል፤ ይህ የጎደለው መዝገብ የጭነት ሰነድ እንደሌለው ኬሻ ነው፤ ምን እንደ ያዘና ከየት እንደ መጣ አይታወቅም።

ክፍት መረጃ በትንሽ ወጪ ምን ሊሠራ እንደሚችል የሃይቲ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ዓ.ም. መጠኑ 7 የሆነው ነውጥ ያችን አገር ባፈረሰ ጊዜ የርእደ መሬት መከታተያ መረብ የሚባል ነገር አልነበራትም፤ ካናዳ በሚቀጥለው ወር ሦስት ጣቢያዎችን ልካ አስተከለች። ከዓመታት በኋላ ራስፕቤሪ ሼክ የተባሉ፣ ዋጋቸው በመቶዎች ዶላር የሚቆጠር ትንንሽ መሣሪያዎች በፈቃደኛ ነዋሪዎች ቤት ተቀመጡ። ነሐሴ 14 ቀን 2021 ዓ.ም. መጠኑ 7.2 የሆነ ሌላ ነውጥ ደርሶ ከ2,200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ለነውጡ ሥፍራ ቅርብ የነበረው መረጃ የተገኘው ከእነዚሁ ቤቶች ነው። መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ስለነበር በሃይቲም ሆነ በውጭ አገር ያሉ ባለሙያዎች ወዲያው ሠሩበት፤ ተከታይ ነውጦች በምን ያህል ሊደርሱ እንደሚችሉም ተሰላ።

መረጃን ይፋ ማድረግ ሽብር ይነዛል የሚል ሥጋት በባለሥልጣኖች ዘንድ አለ። ሥጋቱ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ነውጡ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ይደርሳል የሚል ወሬ የሚነዛ ሰው በየአደጋው አይታጣም፣ እንዲህ ያለ ትንቢት ግን ሳይንሱ እስከ ዛሬ ሊሰጥ አይችልም። ነገር ግን በተቃራኒው በኢጣልያ ላኩዊላ የደረሰው ይታወሳል። በተደጋጋሚ ትንንሽ ነውጥ የተረበሸውን ሕዝብ የሚያረጋጋ ቃል ከተሰማ በኋላ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 6 ቀን 2009 ዓ.ም. በደረሰው ነውጥ ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ። ስድስት ሳይንቲስቶችና አንድ ባለሥልጣን በ2012 ዓ.ም. ተፈርዶባቸው፣ ስድስቱ ሳይንቲስቶች በ2014 ዓ.ም. በይግባኝ ነፃ ቢወጡም፣ ነገሩ ያስተማረው ሰው የሚያሻው ማጽናኛ ብቻ ሳይሆን የሚታወቀውና የማይታወቀው ተለይቶ እንዲነገረው መሆኑን ነው።

ለመጠለያ ሥፍራ መምረጫ

ጊዜያዊዎቹ ጣቢያዎች አንድ ሌላ ጥቅም አላቸው፤ የእርዳታ ሠራተኞች ብዙ ጊዜ አይጠይቁበትም። መሣሪያው ነውጥ በሌለበት ሰዓት እንኳ የምድሩን ዝቅተኛ እርግብግብታ ስለሚመዘግብ፣ ከዚያ መዝገብ የአፈሩ ልልነት ሊገመት ይችላል። ደለልና የሐይቅ ዝቃጭ የተኛበት ሜዳ ነውጥን ያጎላል፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ዓ.ም. የሜክሲኮ ከተማ ከመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት በመጣ ሞገድ የፈረሰችው በጥንታዊ ሐይቅ ወለል ላይ በመቆርቆሯ ነው። በአዋሽ ዳርቻ ያለው ለጥ ያለ መሬት ለውኃ ቅርብ፣ ለመኪና ምቹ፣ ለድንኳን የተስማማ ነው። ለድንኳንና ከእንጨትና ከሰሌን ለሚሠራው የአፋር ቤት አፈሩ ብዙም አያሰጋም፤ ጣራው ቢወድቅም ሰው አይገድልም። መጠለያው ከርሞ የብሎኬት ክሊኒክ፣ የድንጋይ መጋዘንና ትምህርት ቤት ሲሠራበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ስለዚህ የሰፈራ ቦታ የሚመርጠው ቡድን ከውኃ ጉድጓድ ቆፋሪውና ከጤና ባለሙያው ጋር አንድ ጂኦፊዚሲስት ቢጨምር፣ እርሱም አንድ መሣሪያ ይዞ በእያንዳንዱ እጩ ሥፍራ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢለካ፣ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት የትኛው ሜዳ ለድንኳን ብቻ፣ የትኛው ኮረብታ ሥር ለግንብ ቤት እንደሚሆን ለይቶ ማስቀመጥ ይቻላል።